ከሚስቱ ቀድሞ የሚመልስ ባል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጤና ጣቢያችን የመንዝ ባና አለበሰኝ፤ ንግግርም ተደረገልኝ። ኃላፊው ተነሥቶ፣ "ሲስተር የሺ ሰው አማኝ፣ ሆደ ገር እናታችን ናቸው" ሲል የላብራቶሪዋ ልጅ ሳቋን በነጠላዋ አፍና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አልተቀየምኳትም። እኔና ሰው ማመን ምንና ምን ነን? ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በአዋላጅነት ስሠራ ጓንት ከካርቶን ባወጣሁ ቁጥር የአገልግሎት ጊዜውን ሁለቴ የማነብ ሴት ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ይህችን ተረት እንደ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ነው የኖርኩት። ባናውን ትከሻዬ ላይ ሲያደርጉልኝ ራሱ፣ ንጹሕ ሱፍ ይሁን የተደባለቀ ለማወቅ ጫፉን በጣቶቼ እያሸሁ ነበር። ንጹሕ ነው።

መቀሱን፣ ሚዛኑን፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን፣ ሁሉን አስረክቤያለሁ። የሰባት ቁጥር ክፍል ቁልፍ ግን ይኸው መቀነቴ ላይ ታስሯል። "ጠፋብኝ" አልኳቸው፤ ዋሽቼ ነው። ቁልፉን ካገኙ በማግስቱ ክፍሉን የካርድ ማከማቻ ያደርጉታል ብዬ ጠረጠርኩ። ደግሞም በእኔ እግር የተተካችው ወጣት አዋላጅ ትዕግሥት፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የሠራሁትን ጥፋት ሳትሰማ እንድትገባበት አልፈለግኩም። ይህን የምጽፈው ለእሷ ብዬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በተወለድኩበት አገር፣ በመርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነው። ስለ ደመወዙ አታንሡብኝ። እዚያ ያሠለጠኑኝ ሲስተር አጸደ የሚባሉ ቀጭን፣ ሳቅ የማያበዙ፣ እንደ እኔው ሰው የማያምኑ አዋላጅ ነበሩ። በዚያ ዘመን ምጥ ጠንቶባቸው ሽንት የማይቋጥሩ የሆኑ ሴቶች ከተማ ተልከው ተጠግነው ይመለሱ ነበር። ቀሚሳቸው ደርቆ፣ ፊታቸው ፈክቶ ይመጣሉ። በወሩ ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ፤ ባል ሲቀርባቸው ሰውነታቸው ይዘጋል፣ ያማቸዋል። ሐኪሙ አይቶ "ምንም የለባትም" ይላል። አማቲቱ "መተት ነው" ትላለች። ሲስተር አጸደ ግን፣ "ቁስሉ ድኗል፤ ሥጋዋ ግን ገና አልሰማም" ይሉ ነበር።

ለሥጋ ማሰማት ነበር ሥራቸው። ሴት ልጅ ከዳሌዋ በታች ደግፈው የሚይዟት ጡንቻዎች አሏት፤ የፈራች ወይም የተጎዳች እንደሆነ እነዚያ ጡንቻዎች በራሳቸው ይጨብጣሉ። ልዝጋ ብላ አይደለም። ዐይን አቧራ ሲመጣበት ሳይታዘዝ እንደሚጨፈን ማለት ነው። መድኃኒት አይፈታውም፣ ቁጣም አይፈታውም። የሚፈታው በትንፋሽ፣ በጊዜ፣ ሴትየዋ በገዛ እጇ ገላዋን መልሳ ስትለማመደው ነው።

የሲስተር አጸደን አመል አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን በብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቁ ነበር። በርጩማቸው ከሕመምተኛዋ አልጋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቁልቁል ማየት አይወዱም። በመጀመሪያው ቀን ማንንም አይነኩም። ከዚያም በኋላ፣ መቶኛው ቀን ቢሆን እንኳ፣ "ልንካሽ?" ሳይሉ ጣታቸውን አያነሡም። ሴትየዋ "እሺ" ብትል ራሱ አያምኗትም። "አንቺ ልጅ፣" ይሉኛል፣ "ታች ምን አለና ታፈጥጫለሽ? መንጋጋዋን እይ። ጥርሷን ከነከሰች ታችም ተነክሷል። በአፏ እሺ ብላ በመንጋጋዋ እንቢ ያለችን ሴት መንጋጋዋን ስሚ።"

አንድ ቀን እጃቸውን እየታጠቡ ሌላም ነገር ነገሩኝ። "ከሚስቱ ቀድሞ የሚመልስ ባል ካየሽ ተጠንቀቂ። ብዙውን ጊዜ ሕመሙ እሱ ነው።" ይህን ቃል ይዤ ወጣሁ። "ብዙውን ጊዜ" የምትለዋን ግን መንገድ ላይ ጣልኳት።

ወደ መንዝ፣ ወደ ሞላሌ የተዛወርኩት ሲስተር አጸደ ካረፉ በኋላ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እጅ ማሞቅ ደንብ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ሆነብኝ። የተሰባበረ አልጋ የሚጣልበት ሰባት ቁጥር የሚባል ክፍል ነበር፤ ለምኜ ወሰድኩት። ጠረግኩት፣ መጋረጃ ሰቀልኩ፣ በርጩማ አስገባሁ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ሲስተር፣ ይህ ነገር በየትኛው የጤና ፓኬጅ ውስጥ ነው?" አለኝ። በየትኛውም ውስጥ አልነበረም። መዝገቡ ላይ "የወገብ ሕመም" እያልኩ እጽፍ ነበር፤ የሞላሌ ሴት ሁሉ ወገቧን የታመመች እስኪመስል ድረስ።

እኔ ሁሉን እጠረጥር ነበር፣ ሁሉም እኔን ይጠረጥሩኝ ነበር። አንድ ቀን ቄስ ገብሬ፣ የብዙዎቹ የነፍስ አባት፣ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። "ልጆቼን ምን እያልሻቸው ነው?" አሉኝ። ወንበር ሰጥቼ፣ "አባቴ፣ እጅዎን ሆድዎ ላይ ያድርጉና በቀስታ ይተንፍሱ፤ ይኸው ነው" አልኳቸው። ማሕሌት ቆመው አድረው ኖሮ ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ እንቅልፍ ይዟቸው እብስ አለ። ሲነቁ "መልካም ነው" ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጠባቂዬ እሳቸው ሆኑ።

ወርቅነሽና ጌታቸው የመጡት ከዓመታት በፊት፣ ከገበያ ቀኖች በአንዱ ነው። ያን ጊዜ እሷ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ እሱ ጥቂት ይበልጣታል። በጓሳ ዳር ገብስ የሚያርሱ፣ በግ ያላቸው፣ በሰማንያ የተጋቡ ነበሩ። ከተጋቡ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። እሷ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ ግድግዳውን ታያለች።

"ምንሽን ነው የሚያምሽ?" አልኳት።

"ገና ስጠጋት ነው የሚያማት፣" አለኝ እሱ። "ሰውነቷ ድንጋይ ይሆናል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እናቴ?"

"ከሠርጉ ቀን ጀምሮ።"

"እሷን ነው የጠየቅኩት!"

"እሷማ ታፍራለች፣" አለ እሱ፣ መሬት መሬት እያየ።

በልቤ፣ አሃ፣ አንተ ነህ ሕመሙ፣ አልኩ። አመልካች ጣቱን አየሁ፤ የስለት ጠባሳ አለበት። ቢላ የሚመዝ ሰው ነው ብዬ ያዝኩበት። ክንዱን ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁትና አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ በሩንም በላዩ ላይ ዘጋሁት። እሱ ሲወጣ እሷ በዐይኗ እስከ በሩ ሸኘችው። ፍርሃት ነው አልኩ። አሁን ሳስበው፣ አንድ የምታውቀው ሰው ነበር፣ እሱንም ወሰድኩባት።

የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፤ አላወቅኩም ማለት አልችልም። በእኛ አገር ሙሽራ አትናገርም። ስለ ገላዋማ ለእናቷም አትናገርም። የሚናገርላት ሰው ካገኘች ዕድለኛ ናት።

በመጀመሪያው ቀን አልነካኋትም። በሁለተኛው ሳምንት ባና አጣጥፌ ከጉልበቷ ሥር አደረግኩና ትንፋሽ አስጀመርኳት። በአፍንጫ አስገብታ፣ ሆዷ ከፍ ሲል በእጇ እየተከተለችው፣ ሲወጣ መንጋጋዋን ልቅቅ አድርጋ። አልሆነላትም። ሲስተር አጸደ የነገሩኝን አስታወስኩ፤ ሴትን በምታውቀው ነገር አናግሪያት ይሉ ነበር።

"ሱፍ ትፈትያለሽ?"

"አዎን።" የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር።

"ክሩ ከመጠን በላይ ከርሮ ሲቆላለፍ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እንዝርቱን ወደ ኋላ እለቀዋለሁ።"

"ብትጎትችውስ?"

"ይበጠሳላ!" አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ። መንጋጋዋም አብሮ ተፈታ። ደስ ብሎኝ ልጮህ ነበር።

"ልንካሽ?" አልኳት። አሰበችና "ጉልበቴን ብቻ" አለች። እጄን አሙቄ ጉልበቷን ያዝኩ። በዚያው ቅጽበት ቀሚሷ ከፍ ብሎ የጭኗን ውስጥ አየሁት። ሰንበር ነው፤ ጣት የተተከለበት፣ ጠቁሮ ቢጫ መሆን የጀመረ ሰንበር። በሁለቱም ጭኗ ላይ።

"ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

ግድግዳውን አየች። በበሩ ሥር የባሏ ጥላ ይታያል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ አልኩ።

በዚያው ሳምንት ታላቅ ወንድሟ በላቸው ገበያ መሐል አገኘኝ። ቆፍጣና ሰው ነው፣ እሱም ተጠራጣሪ። "እኅቴ እናንተ ዘንድ ለምን ትመላለሳለች?" አለኝ። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ የሙያዬም ሕግ ይኸው ነው። ግን ቁጣዬ ደረቴ ላይ ደርሶ ነበር። "እኅትህን ከዚያ ቤት አውጣት፣" አልኩት። "የጭኗን ሰንበር ብታይ አንድ ሌሊት አታሳድራትም።"

ይህችን ብቻ ነው የተናገርኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በላቸው ጌታቸውን በሚቀጥለው የገበያ ቀን በግ ተራው ላይ ያዘው። አገር በሙሉ እየሰማ "አውሬ!" አለው። ሽማግሌ ተቀመጠ። ጌታቸው በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ አንድ ቃል አልተከላከለም። "ጥፋቱ የኔ ነው" ብቻ አለ። ዳግመኛ ከእሷ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ላይውል ምሎ ተለያዩ። እኔ ይህን ስሰማ፣ ሳላፍር፣ ልክ ነበርኩ ብዬ ተኛሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወርቅነሽ ብቻዋን መጣች። ለገበያ ያመጣችውን ሱፍ በሩ ላይ አስቀምጣ ገባች። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች፤ ዐይኗ ቀልቷል።

"ሲስተር፣ እኔ ምን ብዬዎት ነው?"

"እንዴት?"

"ጌታቸው መታኝ አልኩዎት? አንድ ቀን አልኩዎት?"

ከዚያም ስምንት ወር ያፈነችውን በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። የሠርጉ ሌሊት ሰውነቷ ተዘግቶ ስትንቀጠቀጥ ጌታቸው አልነካትም። ውጭ ሚዜዎቹ በሩ ላይ ቆመው የክብር ምልክቱን፣ ደም የነካውን ጨርቅ ይጠብቃሉ፤ ጨርቁ ካልወጣ የእሷና የአባቷ ስም ይጠፋል። ጌታቸው ቢላውን አንሥቶ አመልካች ጣቱን ቀደደና ጨርቁ ላይ አንጠባጠበው። ብር አምባር ሰበረ ተብሎ ተጨፈረ፤ ጨርቁ እየተዘፈነ ለእናቷ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ያንን ውሸት ተሸክመው፣ በአንድ የሱፍ ዝተት ሥር እንደ ወንድምና እኅት ሲተኙ ከረሙ። እናቱ ግን ጠረጠረች። ጌታቸው ለሣር አጨዳ ጓሳ የወጣ ቀን ወጌሻ አስመጥታ፣ "ተቋጥራለች፣ ትፈታ" ብላ ሁለት ሴቶች አስይዛ በግድ አሳሸቻት። ሰንበሩ የዚያ ነው። ጌታቸው ሲመለስ ወጌሻዋን አባረረ፣ ከእናቱ ተጣላ፣ "ገበያ እንሄዳለን" ብሎ ደብቆ ወደ እኔ አመጣት።

"ታዲያ ለምን ለሽማግሌዎቹ አልተናገረም?" አልኩ።

"ምን ብሎ? ወጌሻ ነው ቢል፣ ወጌሻ ለምን መጣ ይባላል። አልነካኋትም ቢል፣ ያ ጨርቅ የማን ደም ነው ይባላል። እኔን ሊያዋርደኝ ነው? እኔ እኮ ነኝ እንዲናገርልኝ የለመንኩት። 'እኔ አፍራለሁ፣ አንተ ንገራቸው' ብዬው ነው እዚህ የገባነው።"

ምን ይዋጠኝ! ጣቱን አይቼ ቢላ መዛዥ ያልኩት እኔ ነኝ። ጉልበቷን ለመንካት ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ምሥጢሯን ለመንካት ግን አንድ ጊዜም አልጠየቅኳት። ሲስተር አጸደ ከመቃብር ቢነሡ በጥፊ ይሉኝ ነበር፤ እጃቸውን ሳያሞቁ።

በሚቀጥለው እሑድ ቄስ ገብሬን ይዤ ወደ ጌታቸው አገር ወጣሁ። ከደጁ ስንደርስ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥቼ ጫንቃዬ ላይ አደረግኩ፤ በደለኛ ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲያ ነው። ጌታቸው ጣራ ላይ ወጥቶ በጓሳ ሣር ይከድን ነበር። አየኝና ቀስ ብሎ ወረደ።

"ሲስተር፣ ድንጋዩን ያውርዱት። በዚህ ዕድሜዎ ወገብዎን ያምዎታል።"

"ይቅር በለኝና አወርደዋለሁ።"

"ይቅር ብያለሁ፣" አለ። ድንጋዩን በገዛ እጁ ከትከሻዬ አነሣልኝ። ቄስ ገብሬ፣ "እንግዲያማ ልጄ፣ ሚስትህን መልስ፤ መሐላውን እኔ እፈታዋለሁ" አሉት።

"መሐላውን ይፈቱታል አባቴ፣" አለ ጌታቸው። "በግ ተራው ላይ አውሬ የተባልኩትን ማን ይፈታልኛል? ብመልሳት፣ 'ከዚያ አውሬ ጋር ተመልሳ ተኛች' ይሏታል። እሷን በዚህ ስም አላስጠራትም።" ከዚያም ወደ ጣራው ተመለሰ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ወርቅነሽ ግን ሕክምናዋን አልተወችም። እልኸኛ ናት። በየሳምንቱ መጣች። ትንፋሹን ተማረች፣ መንጋጋዋን ማላቀቅ ተማረች፣ ቀጥሎ በገዛ እጇ፣ በዘይት፣ ሳትቸኩል፣ "ይብቃ" ስትል እያቆመች፣ ማንም ሳያያት ከመጋረጃው ጀርባ ሰውነቷን መልሳ የራሷ አደረገችው። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ትንፋሿን ብቻ እሰማ ነበር። በአራተኛው ወር አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

"አሁን አያመኝም፣" አለች።

"እሰይ! እልል በይ!"

እልል አላለችም። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ "ለማን ነው የዳንኩት ሲስተር?" አለችኝ።

"ለራስሽ" የሚለው መልስ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከእኔ አፍ ሲወጣ ያሳፍር ነበር። በዓመቱ ወደ ዓለም ከተማ ወርዳ ሌላ አግብታ ወልዳለች ብለው ነገሩኝ። እንኳን ወለደች። እኔ ያፈረስኩት ቤት ግን እንደፈረሰ ቀረ።

ትዕግሥት፣ አሁን የሚመጣውን ልብ ብለሽ አንብቢ። ጡረታዬ ሁለት ወር ሲቀረው ሰባት ቁጥር ተንኳኳ። አንዲት ሴት ገባች፤ አስካለ ትባላለች። ምጧ ከብዶባት ከወለደች ስድስት ወር ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ያማታል። ከኋላዋ ባሏ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ጠጉሩ ጣል ጣል ሸብቷል። ጌታቸው ነው።

አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ "እኔ ውጭ እሆናለሁ" አለ። ሄዶ ያን ጊዜ ያስቀመጥኩት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ያን ጊዜ ያስቀመጥኩት ቦታ ላይ ተቀመጠ። በሩንም ራሱ ዘጋው።

እጄን በብብቴ ከትቼ አሞቅኩ። ሴትየዋ በሩን በሩን ታያለች። የድሮዋ የሺ በልቤ ተነሥታ፣ ፈርታው ቢሆንስ? አለችኝ። አመሌ አይለቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም። ግን በዚህ ጊዜ ጠየቅኩ።

"እናቴ፣ ባልሽ ይግባ ወይስ ውጭ ይቆይ? ማንም አይሰማንም፤ እንደ ፈቃድሽ ነው።" መንጋጋዋን አየሁ።

መንጋጋዋ ልል ነበር። "ይግባ እንጂ!" አለች። "እኔ ያፈርኩትን ማን ይነግርልኛል?"

ወጣሁ። ጌታቸው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል።

"ጌታቸው፣ ሚስትህ ትጠራሃለች። ገብቶ ይንገርልኝ ትላለች።"

ቀና ብሎ አየኝ። "እዚህ ቤት ብናገር ያዛልቀኛል ሲስተር?"

"የምትናገረው ከዚህ በር አይወጣም። ያን ጊዜ አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አላወጣሁም።"

እጆቹን ከጉልበቱ አነሣ። ከዚያ ተነሥቶ ገባ። ወንበር ሰጠሁት፤ እኔ በርጩማዬ ላይ ከሁለቱም ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። እሱ አፉን ሊከፍት አለና ተወው። ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ልንገራቸው?" አላት።

ትዕግሥት፣ ሰኞ ጠዋት ቁልፉን አመጣልሻለሁ። ጠፋብኝ ማለቴ ውሸት እንደነበረ ለኃላፊው ራሴ እነግረዋለሁ። አንቺ ግን ያቺን 'ልንገራቸው?' የምትል ቃል ያዥ፤ ወርቅነሽን ያልጠየቅኳት እሷን ነው።